ሃያ አራት ቀይ ታርቡሾች

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና የሚጠጣ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ። "ቲቸር ምነው ጠፉ" ስትሉኝ ለከረማችሁ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። አልጠፋሁም። መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ትንንሽ ወታደሮች ቀለም እየቀባሁ ነበር።

አዎ፣ ወታደሮች። "አሻንጉሊት ነው?" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ባለቤቴም እንደዚያው ነው የምትለው። "ሰው ጡረታ ሲወጣ ጸሎት ያበዛል፣ የእኔ ባል አሻንጉሊት ጀመረ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። አልፈርድባትም። ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአውራ ጣቴ የላይኛው አንጓ አይበልጡም። መነጽር ላይ መነጽር ደርቤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ጫፏ እንደ መርፌ በቀጠነች ብሩሽ የአንዱን ቁልፍ ስቀባ ያየኝ ሰው ጤንነቴን ቢጠራጠር እውነት አለው።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በውጭው ዓለም የታሪክ ጦርነቶችን ጠረጴዛ ላይ መልሰው የሚዋጉ ሰዎች አሉ። ተራራው ከስፖንጅና ከካርቶን ይሠራል፣ ወታደሩ በማስመሪያ እየተለካ ይራመዳል፣ ተኩሱ ደግሞ በዳይስ ይወሰናል። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ሆኖ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1824 ሬይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ለጦር አዛዦች ማሠልጠኛ ብሎ አቀረበው፤ ሠራዊቱም ወዶ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ለመዝናኛ የሚሆን ደንብ በመጽሐፍ አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ዋተርሎን ያልተዋጋ የእንግሊዝ ጡረተኛ የለም ይባላል። (ይሄ ቀልድ ነው፣ እንዳትከራከሩኝ።)

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ።

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ካነበበው ያውቀዋል። እዚያ እንዲህ ዓይነት ክበብ ውስጥ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ አንድ የጫማ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፣ ቀለምና ብሩሽ፣ አንድ ቱቦ ማጣበቂያ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለው "የዓድዋ ጦርነት" ብሎ መልሶ፣ ሰውየው ስቆ እንዳሳለፈው ነገረኝ።

"አንደኛው ከረጢት የምኒልክ ጦር ነው ቲቸር። ሁለተኛው አስካሪዎቹ ናቸው። የመጀመሪያውን እንደፈለጉ ያድርጉት። ሁለተኛውን ግን አደራ፣ እርስዎ ይቀቡልኝ። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት" አለኝ።

"ለምን ተውከው?" ብለው፣ "እጄ ይንቀጠቀጣል" አለና ሳቀ። የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። አየሁት ግን ዝም አልኩ።

የጀመርኩት በምኒልክ ጦር ነው። ቀላል መስሎኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ዓድዋን አስተምሬያለሁ። የጦሩን አሰላለፍ፣ የራሶቹንና የደጃዝማቾቹን ስም፣ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያውን ወታደር ይዤ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ስነክር ግን እጄ ቆመ። የዚህ ሰውዬ ሱሪ ቀለሙ ምንድን ነው?

ነጭ ነው እንዳትሉኝ። ምን ዓይነት ነጭ? ጦሩ ከአዲስ አበባ የተነሳው በጥቅምት 1888 ነው፤ የተዋጋው የካቲት 23 ቀን። አምስት ወር ሙሉ አቧራ ላይ ተኝቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ጭስ አጠገብ አድሮ የቆየ አቡጀዲ ነጭ ነው? በዚህ ሙያ ደግሞ የመጀመሪያው ትምህርት ነጭ በነጭ ቀለም አይቀባም የሚለው ነው። ከአመድማ ቡኒ ትነሳና በላዩ ላይ ቀስ እያልክ የክሬም ቀለም ታወጣለህ፤ ንጹሑን ነጭ የምታስቀምጠው ፀሐይ የሚመታው እጥፋት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ስለዚያ ዘመቻ ርዝመት ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ አመድማ ቡኒ ብዙ ገባኝ። "አምስት ወር ተጓዙ" ብዬ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ! ልብሳቸው ምን እንደሚመስል አስቤ አላውቅም ነበር።

ሌላው ችግር ቀራጮቹ ናቸው። ባሕር ማዶ ያለ ቀራጭ "አበሻ" ሲባል የሚታየው ጦር የያዘና የአንበሳ ጎፈር ያጠለቀ ሰው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ግማሹ ባለ ጦር፣ አራቱ ባለ ጎፈር ነበሩ። ጎፈር ማንም ተነስቶ የሚያጠልቀው ነገር አልነበረም፤ የጀግና ምልክት ነው። ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ የዘመተ በርግጥ ነበረ፣ ፈረሰኛውም ነበረ፤ ነገር ግን ዓድዋ ላይ አብዛኛው የኢትዮጵያ ጦር ጠመንጃ ነበረው። ምኒልክ ለዓመታት ከፈረንሳይም ከሌላም፣ ከራሷ ከጣሊያን ጭምር ሲያስገቡ የኖሩት ጠመንጃ ነው። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው፤ "ውጅግራ" የምንለው የፈረንሳዮቹ "ፉዚል ግራ" ነው፣ "ሰናድር" የእንግሊዞቹ ስናይደር። የባላገሩ አፍ የፋብሪካውን ስም ለውጦ የራሱ ያደረገው ዕቃው በእጁ ስለገባ ነው። ለማንኛውም በምላጭ የስድስቱን ጦር ቆርጬ ከትርፍ ዕቃው ጠመንጃ ለጠፍኩላቸው። ከጎፈሮቹ ሁለቱን ሞርጄ ሻሽ አሰርኩላቸው። አንዱን ጣቴንም ቆረጥኩ፣ ምንም አይደል።

እነዚህን 24 ሰዎች መጨረስ ሦስት ወር ወሰደብኝ። ምክንያቱም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንዱ እጀ ጠባብ ለብሷል፣ አንዱ ባዶ ደረቱን ኩታ ጣል አድርጓል፣ አንዱ ቀይ ጥለት አለው፣ አንዱ የለውም። የምኒልክ ጦር የደንብ ልብስ የለውም፤ እያንዳንዱ ከቤቱ የወጣው እናቱ ወይ ሚስቱ የፈተለችለትን ለብሶ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ የመነሻውን ቀለም በስፕሬይ ነፍቼ ዝናቡ እርጥበት አግብቶበት እንደ ዱቄት ፈጠፈጠው፤ አጥቤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ክረምት ላይ ስፕሬይ አትንፉ፣ ይሄን ምክር ካላነበባችሁ ሌላውን ብትተዉት ግድ የለኝም።

ከዚያ ሁለተኛውን ከረጢት ከፈትኩ።

የአስካሪዎቹ ጉዳይ ተቃራኒው ነው። እዚህ ላይ ምንም ግምት የለም። ጣሊያን የጻፈችው ደንብ አለ፤ ፎቶግራፍም አለ። ረዥም ቀይ ታርቡሽ፣ ከታርቡሹ የሚወርድ ዘርፍ፣ ነጭ ልብስ፣ ወገብ ላይ ሰፊ መቀነት። የመቀነቱና የዘርፉ ቀለም ሰውየው የየትኛው ሻለቃ ጦር እንደሆነ ይነግርሃል፤ የአንደኛው ቀይ ነው፣ የአራተኛው ጥቁር። ማዕረጉ እጅጌው ላይ ነው፤ ሙንታዝ፣ ቡሉክባሺ፣ ሹምባሺ። ጠመንጃው ቬተርሊ። እግሩ ባዶ።

እኔ የመረጥኩት አንደኛውን ሻለቃ ነው። ዓድዋ ላይ በጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ውስጥ ከሌሎች ሦስት የአስካሪ ሻለቆች ጋር የነበረው። ታሪኩን ታስታውሱታላችሁ፣ ካልረሳችሁ። ባራቲየሪ ሌሊት ላይ ጦሩን በሦስት መስመር ላከ፣ አራተኛውን መጠባበቂያ አደረገ። የሰጣቸው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ቦታው የተሳሳተ ነበር። አልቤርቶኔ በመሪዎቹ ተመርቶ ወደ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ሄደ፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ወደ ፊት ቀረ። ከእርሱም ፊት ቀድሞ የሄደው የሻለቃ ቱሪቶ ጦር ነው፣ ይሄ አንደኛው ሻለቃ። ጎሕ ሲቀድ ከኢትዮጵያ ሰፈር ጋር መጀመሪያ የተገናኙት እነዚህ ቀይ መቀነቶች ናቸው። ማለትም የዓድዋ የመጀመሪያው ተኩስ በአብዛኛው አበሻ ከአበሻ ጋር የተታኮሰው ነው። እስከ ረፋዱ ድረስ ተዋጉ፤ ከዚያ ብርጌዱ ተደመሰሰ፣ አልቤርቶኔም ተማረከ።

አቀባቡ ፈጣን ነው። የደንብ ልብስ ጥቅሙ ይሄ ነው። 24ቱን አሰልፈህ ዛሬ ታርቡሽ ብቻ፣ ነገ መቀነት ብቻ፣ ከነገ ወዲያ ጠመንጃ ብቻ እያልክ ትሄዳለህ። የምኒልክ ሰዎች ሦስት ወር የፈጁትን እነዚህ በአሥር ቀን ደረሱ። አሥራ ዘጠነኛውን ወይም ሃያኛውን ታርቡሽ ስቀባ ብሩሹን ከውኃው ብርጭቆ ፋንታ ቡናዬ ሲኒ ውስጥ ነከርኩት፤ ከዚያም ረስቼ ጠጣሁት። ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ አንድ ቀን ያደርገዋል ይባላል። ጣዕሙን አልመክርም።

ቀጥሎ ቆዳ ነው። ቆዳ የሚቀባው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ቢያንስ እኔ እንዲያ ነው የምሠራው።

ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ነገር ላንሳ። በዚህ ሙያ ለብዙ ዓመታት "ሥጋ" ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ሮዝ ነው። የማን ሥጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ የእኛን ራሴ መቀየጥ ነበረብኝ፤ ጥቁር ቡኒ፣ ትንሽ ቀይ፣ ጠብታ ቢጫ። ቋንቋችን ለዚህ ሀብታም ነው። ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ "ቀይ" የምንለው አለ። አራት ቅይጥ አዘጋጅቼ በትንንሽ ክዳን ያለው ዕቃ አስቀመጥኩ። ለምኒልክ ሰዎች የሠራሁት ነው። ለአስካሪዎቹ ሌላ ልሠራ ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ለምን ሌላ እሠራለሁ? ከቆላውና ከሱዳን በኩል የተመለመሉም ነበሩባቸው፤ ብዙዎቹ ግን የሐማሴን፣ የአካለ ጉዛይ፣ የሠራዬ ልጆች ናቸው፣ ከመረብ ወዲህ ያለ ሰውም ነበረበት። ያው አራቱን ክዳኖች ከፈትኩ።

አስካሪ ላይ ከልብሱ ውጪ የሚታየው ሥጋ ጥቂት ነው። ፊት፣ እጅ፣ እግር። በቃ። ፊቶቹን ለኋላ ትቼ እንደ ልማዴ በረድፍ ጀመርኩ። ቀኝ እጅ፣ ቀኝ እጅ፣ ቀኝ እጅ፤ ጠመንጃውን የጨበጠችውን። ከዚያ ገልብጬ እግሮቹን። ግራ እግር፣ ግራ እግር። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ነው የምሠራው ነገር የገባኝ።

ለማያውቅ ልናገር። ከድሉ በኋላ ከተማረኩት አስካሪዎች 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የተማረኩት ጣሊያኖች ጠላት ናቸውና ምርኮኛ ሆኑ፤ ወደ ሸዋ ተወሰዱ፣ በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ተፈረመና አገራቸው ገቡ። አስካሪዎቹ ግን በንጉሣቸው ላይ የተነሱ ከሐዲዎች ተብለው እንደ ጥንቱ ሕግ ተፈረደባቸው። ብዙዎቹ እዚያው ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። ከጦርነቱ ወራት በኋላ ሜዳውን ያየው እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋይልድ የተቆረጠውን እጅና እግር ክምር ማየቱን ጽፏል። ከተረፉት የአንዳንዶቹ ፎቶግራፍም አለ፤ ማየት የሚፈልግ ይፈልገው፣ እኔ እዚህ አልለጥፈውም።

ተማሪዬ በላከልኝ የጨዋታ ደንብ አንድ ወታደር 40 ሰው ይወክላል። አንድ ሻለቃ ወደ አንድ ሺህ ሰው ነው፣ ስለዚህ 24 ወታደር። (በዚህ ሒሳብ መቶ ሺህ ይሆናል የሚባለው የምኒልክ ጦር 2,500 ወታደር ይፈልጋል፤ ቤቴ አይበቃም፣ ትዳሬም አይቆምም።) 800ን ለ40 አካፈልኩ። ሃያ። ከፊቴ ከተሰለፉት ሃያ አራቱ ሃያው። ሁሉም ከአንድ ሻለቃ አልነበሩም፣ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን መቁጠሩን አልተወም። ያን ምሽት ብሩሹን አጥቤ ተኛሁ።

በማግሥቱ ለተማሪዬ ደወልኩለት። ወሬ ወሬ ካልን በኋላ "የእጅህ መንቀጥቀጥ ምክንያቱ ገባኝ መሰለኝ" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

"ቲቸር፣ አሥረኛ ክፍል ሆነን ዓድዋን ያስተማሩን ቀን ትዝ ይልዎታል?"

አይለኝም። ያን ትምህርት በየዓመቱ ነው የማስተምረው።

"አንድ ልጅ 'የተማረኩት አስካሪዎችስ ምን ሆኑ?' ብሎ ጠየቀ። እርስዎ 'ባንዳ የባንዳ ዋጋውን አገኘ' አሉና ሰሌዳ ማጥፋት ጀመሩ። ክፍሉ ሳቀ። የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ።"

ምን ልበል?

"የአያቴ አባት ቀኝ እጅ አልነበረውም" አለኝ። "ቤታችን ውስጥ 'በጦርነት ነው' ነው የሚባለው። በየትኛው ጦርነት፣ በየትኛው ወገን፣ ማንም አይናገርም። አያቴ አዲስ አበባ መጥቶ ሱቅ ከፍቶ እስኪሞት ድረስ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ሬዲዮ ይዘጋ ነበር። እኔ መጠየቅ የምችለው እርስዎን ብቻ ነበር።"

ይሄን የጻፍኩት በእርሱ ፈቃድ ነው። ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበራችሁና ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ የሳቃችሁት እኔ ስላሳቅኋችሁ ነው። ጥፋቱ የመምህሩ ነው።

ደግሞ እንደ ታሪክ መምህር ብቻ ብትወስዱት እንኳን መልሴ ስሕተት ነበረበት። "ባንዳ" የጣሊያንኛ ቃል ነው። በዚያ ዘመን በጣሊያኖቹ አደረጃጀት ባንዳ ማለት በባላባቱ ሥር የሚዘምት መደበኛ ያልሆነ ጦር ነው፤ አስካሪ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በሻለቃ የተደራጀ መደበኛ ወታደር። ሁለቱ አንድ አይደሉም። "ባንዳ" የከሐዲ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ አፋችን ላይ የጸናው በኋላ፣ በይበልጥ በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ነው። እንዲያውም የዓድዋ ዋዜማ ላይ እውነተኞቹን ባንዳዎች ይዘው ከጣሊያን ጎን ከድተው ወደ ምኒልክ የገቡት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ናቸው! እነርሱን በጀግንነት እናነሳለን፤ ልክም ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ አሉ፤ ለዓመታት ከጣሊያን ጋር ሠርተው በታኅሣሥ 1887 ሰገነይቲ ላይ አመፁና ሐላይ ላይ ተገደሉ። የገደላቸው ጦር በሻለቃ ቶዜሊ የሚመራ ነው፤ ወታደሩ በብዛት አስካሪ ነው። ቶዜሊም ዓመት ሳይሞላው ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ ወደቀ። የዚያ ዘመን ሰው በየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ "በየትኛው ወር?" ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ለምን ገቡበት የሚለውም አለ። የመጀመሪያዎቹ አስካሪዎች ሲመለመሉ አገሩ ምን ላይ ነበር? ከ1880 እስከ 1884 ክፉ ቀን ነው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ የለም፣ እርሻ የለም፤ ሰው ሥር ቆፍሮ በላ። ምጽዋ ላይ ግን በየወሩ ብር የሚከፍል፣ እህል የሚሰፍር አንድ መንግሥት ተቀምጧል። ልጁ የተራበበት የሐማሴን ገበሬ ጠመንጃ ተሸክሞ ልጁን ካበላ በኋላ ነው እኛ ስም ያወጣንለት። በርግጥ ረኀብ ሁሉንም አያስረዳም፤ ለማዕረግ የገባም አለ፣ ከባላባቱ ጋር ቂም ይዞ የገባም አለ፣ ታርቡሹ አምሮት የገባ ጎረምሳም አይጠፋም። እኔ ይቅር እንበላቸው እያልኩ አይደለም፤ በዚያ ማለዳ የተኮሱት በፊታውራሪ ገበየሁና በመሰሎቻቸው ላይ ነው፣ እነዚያም እናት ነበሯቸው። ለአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጥያቄ ግን ይሄን ሁሉ መልስ መስጠት እችል ነበር። ሰሌዳ አጠፋሁ።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። የቀረኝ ፊት ነው።

የድሮ የዓድዋ ሥዕሎችን ታውቋቸዋላችሁ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ በግራ የእኛ ጦር፣ በቀኝ የጠላት። የእኛ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለት ዓይን አለው። ጠላት በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። የሠዓሊዎቻችን የቆየ ሕግ ነው፤ ክፉ ሰው ሙሉ ፊት አይሰጠውም። ታርቡሽ ያደረገውም በዚያው ወገን ቆሞ ባየሁት ሥዕል አንድ ዓይን ነበር የተሰጠው።

28 ሚሊ ሜትር ላይ ዓይን መቀባት ግዴታ አይደለም። ብዙ ቀቢዎች ይተዉታል፤ ቅንድብ ሥር ጥላ ጣል ካደረግህ ከሩቅ ዓይን ይመስላል፣ ማንም አይወቅስህም። ሥራውም አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ የክሬም ነጠብጣብ፣ ከዚያ በመሐሉ ጥቁር ነጥብ፤ ነጥቧ በፀጉር ስፋት ከተሳተች ሰውየው ሸውራራ ይሆናል ወይም የደነገጠ ይመስላል። የምኒልክን ሰዎች ዓይን ቀብቼ ነበር። የአስካሪዎቹን ልተወው አስቤ ነበር፣ በአሥር ቀን የደረሰ ሥራ ለምን ላራዝም ብዬ።

ቀባሁት። አርባ ስምንት ዓይን። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በቀን ከሁለት ሰው በላይ አይቻልም፣ ከዚያ በኋላ የእኔው ዓይን ውኃ ይሞላል። ሦስቱ ሸውራራ ሆነው አርሜያቸዋለሁ። አንዱ እምቢ ብሎኛል፣ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የባለቤቴን ወንድም ይመስላል፣ እንዳትነግሩት።

የመሬቱን ነገር ደግሞ አልረሳሁም። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ሰው ሠራሽ ሣር አረንጓዴ ነው፣ የአውሮፓ ሜዳ። የካቲት ላይ ዓድዋ የት አለና አረንጓዴ! ሣሩ ደርቆ ገለባ ሆኗል፣ መሬቱ ድንጋይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን አሸዋ በወንፊት ነፍቼ ሙጫ ላይ በተንኩት፣ ላዩን ቡኒና ቢጫ አደረግሁበት፣ የጨፌውን ሣር ለልጅ ልጄ የቤት ሥራ ሰጠሁት። ለአርባ ስምንቱም ያንኑ አሸዋ።

ተማሪዬ ለጥምቀት ይመጣል። የምግብ ጠረጴዛውን ለአንድ ቀን እንድትለቅልን ባለቤቴን ለምኜ ፈቅዳለች፣ በሁኔታ፤ ሁኔታው እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጥባለሁ ነው። ሶሎዳን ከካርቶን እየሠራሁ ነው፣ እንዳ ኪዳነ ምሕረትን ደግሞ በትክክለኛው ቦታ አስቀምጣለሁ። እሱ የትኛውን ወገን ይዞ እንደሚጫወት አልጠየቅሁትም።

ፎቶዎቹ ከታች አሉ። የመጀመሪያው የሁለቱም ጦር ነው፣ ሌሎቹ የቅርብ ናቸው፤ አጉልታችሁ እዩአቸው፣ የደከምኩት ለዚያ ነው። ከኋላ ረድፍ ታርቡሹ ትንሽ የደበዘዘው ቡናው ውስጥ የገባው ነው። ቤታችሁ ውስጥ "በጦርነት ነው" ተብሎ የተተወ የአያት የቅድመ አያት ታሪክ ያለው ሰው ካለ፣ ስም ሳይጠራ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቀስ ብዬም ቢሆን ለሁሉም እመልሳለሁ።